ክብር አይታደስም፣ ፈቃድ ግን ይታደሳል፦ ስለ ጡረተኛ የጤና ባለሙያዎች የምስክር ወረቀት ሂሳዊ ምልከታ

በአንድ ጡረተኛ ሐኪም ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስተዋት ክፈፍ ተሰቅሎ የሚታይ የምስክር ወረቀት ሁለት ቃሎችን በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንደኛው ቃል ባለቤቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ረጅምና አድካሚ ትምህርት አጠናቀው፣ ፈተናውን አልፈው ለማዕረግ መብቃታቸውን ይመሰክራል። ሁለተኛው ቃል ደግሞ ዛሬ አንድ ሕመምተኛ ደጃቸውን ቢያንኳኳ በሚሰጡት ምክርና በሚያዙት መድኃኒት ሊተማመን እንደሚችል ይገልጻል። የመጀመሪያው ስላለፈ ሥራ የተሰጠ ምስክርነት በመሆኑ ጊዜ አይሽረውም። ሁለተኛው ግን ስለ ዛሬ የተሰጠ ዋስትና ነው፤ ዛሬ ካልተረጋገጠ ዋስትና ሊባል አይችልም።

ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያዎች ተከታታይ ትምህርት ሳይከታተሉ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሊቆዩ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሚካሄደው ክርክር ብዙ ጊዜ ፍሬ የማያፈራው እነዚህን ሁለት ቃሎች ሳይለይ ስለሚጀምር ነው። አንደኛው ወገን ስለ ክብር ሲናገር ሌላኛው ስለ ሕመምተኛ ደኅንነት ይመልሳል። ሁለቱም ትክክል የሆነ ነገር ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱንም ወገኖች መከራከሪያ ከማስረጃ ጋር አገናዝቦ መመርመርና ለኢትዮጵያ የጤና ሙያ የሚበጀውን መንገድ ማመላከት ነው።

ጡረታ በጤና ሙያ ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ለብዙ ሠራተኞች ይህ ቀን የሥራ ፍጻሜ ሲሆን፣ ለጤና ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሠሪ ለውጥ ብቻ ነው። አንዳንዶች በግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ይቀጠራሉ፤ ሌሎች በማስተማር ይቀጥላሉ። ሙሉ በሙሉ ቤት የዋሉትም ቢሆኑ ሙያቸው አይለቃቸውም። ማታ የጎረቤት ልጅ ትኩሳት ሲይዘው፣ የዕድር አባል የደም ግፊቱ ሲያስቸግረው፣ የዘመድ ነፍሰ ጡር እግሯ ሲያብጥ በቅድሚያ የሚኬደው ወደ እነርሱ ነው። ጡረተኛዋ ሲስተር መርፌ እንዲወጉ ይጠራሉ፤ ቀድሞ ድሬሰር የነበሩት አዛውንት ቁስል እንዲያጥቡ ይለመናሉ፤ ፋርማሲስት የነበሩት ደግሞ «የቱ መድኃኒት ይሻላል?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ይህ አገልግሎት በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚሰጥ በመሆኑ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ እንደ መልካም ጉርብትና ነው የሚታየው። በእርግጥም በጎ ፈቃድ ያለበት ተግባር ነው። ነገር ግን ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። በጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ቢሳሳት ካርድ አለ፣ መዝገብ አለ፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ የፋርማሲው ባለሙያም የመድኃኒት ማዘዣውን አይቶ «ይህ መጠን አልበዛም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በቤት ደጃፍ ላይ የሚሰጥ ሕክምና ግን እነዚህ አጥሮች የሉትም። ስሕተት ቢፈጠር የሚመዘግበው የለም፤ የሚያርመውም የለም። ስለዚህ ከሁሉ ያነሰ ቁጥጥር ያለበት ሕክምና፣ ከትምህርት ከራቀ ባለሙያ እጅ ሲመጣ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ከዚህም የከፋ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የባለሙያው ፈቃድ በክሊኒክ ወይም በመድኃኒት መደብር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባለሙያው ግን ቤታቸው የሚውሉበት፣ በልማድ «ፈቃድ ማከራየት» የሚባለው አሠራር ነው። ይህን የሚፈጽሙት ጡረተኞች ብቻ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ጡረተኞችም ከዚህ ድርጊት የራቁ ናቸው። ሆኖም ግን ያለ ምንም ጥያቄ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ ፈቃድ ለእንዲህ ዓይነቱ አሠራር የተመቸ ዕቃ መሆኑ አያከራክርም። የጡረታ አበሉ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልመጣጠን ላለው ባለሙያ ፈተናው ቀላል አይደለም።

ለጡረተኞች የሚቀርበው መከራከሪያ

ጡረተኞች ያለ ተጨማሪ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ይቆዩ የሚለው ወገን ከሚያቀርባቸው ነጥቦች ሦስቱ ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ባለሙያዎቹ የምስክር ወረቀቱን ያገኙት በልመና ሳይሆን በልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያፈራቸውና ከእነርሱ በኋላ የመጡት ትውልዶች መንገድ፣ መብራትና ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር አገልግለዋል። ፈንጣጣን ለማጥፋት በበቅሎና በእግር ተራራ ወጥተው የወረዱ ባለሙያዎች ከእነርሱ መካከል ነበሩ፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1976 ነው። እንዲህ ያለ ባለውለታን «ነጥብ አላሟላህም» ብሎ ከመዝገብ መሰረዝ በርግጥም ኅሊናን ይከነክናል።

ሁለተኛው የልምድ ጥያቄ ነው። አርባ ዓመት ሕመምተኛ ያየ ዓይን፣ በአዳራሽ ተቀምጦ ከሚገኝ የሁለት ቀን ሥልጠና ይበልጣል የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተከታታይ ትምህርቱ ራሱ ምን ያህል ይጠቅማል የሚል ጥርጣሬ ነው። ሥልጠናው በስም ፊርማ የሚጠናቀቅ፣ ክፍያ የሚጠይቅ፣ በትልልቅ ከተሞች ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለማን ሲባል ይሠለጥኗል? በማለት ይጠይቃሉ።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች በቁም ነገር ሊመለሱ ይገባል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ መልሱም ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይቀርባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በማስረጃ ሊመዘኑ የሚችሉ ናቸው።

ስለ ልምድ ማስረጃው ምን ይላል?

የልምድ መብዛት ብቻውን የሕክምናን ጥራት ያሳድጋል የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. በ2005 ከባድ ጥያቄ ተነሥቶበታል። በዚያ ዓመት ቹድሪ፣ ፍሌቸርና ሱመራይ የተባሉ ተመራማሪዎች «አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን» በተባለው መጽሔት ላይ 62 ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩበትን ውጤት አሳተሙ። ከ62ቱ መካከል በ32ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በሚበልጡት ጥናቶች፣ የሐኪሙ የአገልግሎት ዘመን በጨመረ ቁጥር በተለኩት መስፈርቶች ሁሉ የሥራው ጥራት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በመስፈርቶቹ ሁሉ ልምድ ከተሻለ ሥራ ጋር የተያያዘበት ጥናት አንድ ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህን ውጤት ይዞ «አዛውንት ሐኪም አደገኛ ነው» ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 «ቢ.ኤም.ጄ.» በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሆስፒታል የተኙ ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ከ40 ዓመት በታች በሆኑ ሐኪሞች ከታከሙት መካከል በ30 ቀናት ውስጥ የሞቱት 10.8 በመቶ ሲሆኑ፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሐኪሞች ከታከሙት ደግሞ 12.1 በመቶ ነበሩ። የጥናቱ ዋና ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ብዙ ሕመምተኛ በሚያዩ ሐኪሞች ዘንድ ይህ ልዩነት አልታየም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በቀዶ ሕክምና ረገድ በዕድሜ የገፉት ሐኪሞች ካከሟቸው መካከል የሞቱት ቁጥር በመጠኑ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

እነዚህ ጥናቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ጥያቄውን ከዕድሜ ላይ አንሥተው ወደ ትክክለኛው ቦታ ያደርሱታል። ባለሙያን ከሙያው የሚያርቀው የልደት ቀኑ አይደለም፤ ከሕመምተኛ፣ ከባልደረባና ከአዲስ ዕውቀት መለየቱ ነው። በየቀኑ እየሠራ እየተማረ ያለ የ68 ዓመት ሐኪም፣ ለአምስት ዓመት በአስተዳደር ሥራ ላይ ተቀምጦ ስቴቶስኮፕ ካልያዘ የ45 ዓመት ሐኪም የተሻለ ዋስትና ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ ፍትሐዊው ሕግ «ጡረተኛ ይማር» ወይም «ጡረተኛ አይማር» የሚል ሳይሆን «የሚያክም ሁሉ ይማር» የሚል ነው።

ዕውቀት እንዴት ያረጃል?

ለዚህ ከወባ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ወባ ለረጅም ዘመን የመጀመሪያ ምርጫ የነበረው ክሎሮኪን ጥገኛው ተሕዋስ ስለለመደው እ.ኤ.አ. በ1998 በሰልፋዶክሲን-ፒሪሜታሚን፣ በተለምዶ ፋንሲዳር በሚባለው መድኃኒት ተተካ። ይህም ሳይቆይ ኃይሉን በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በአርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጡረታ የወጡ አንድ ሐኪም ለአብነት ቢወሰዱ፣ በሥራ ዘመናቸው መጨረሻ የተማሩት «አዲሱ» መድኃኒት በጡረታቸው በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ምርጫነቱን አጥቷል። እርሳቸው ያጠፉት ነገር የለም፤ የረሱትም የለም። ያወቁትን በሚገባ ያስታውሳሉ። ችግሩ ያለው በትክክል የሚያስታውሱት ነገር ከእንግዲህ ትክክል አለመሆኑ ላይ ነው።

ይህ ለረጅም ዘመን ለተለዩ ብቻ የሚደርስ ነገር እንዳይመስል አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ማንሣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት፣ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የሚለየውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው የፋልሲፓረም ዝርያዎች ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ አካባቢዎች መኖራቸውን አረጋግጧል። ይህ ማለት መመርመሪያው «ወባ የለም» ቢልም ሕመምተኛው ወባ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከሥራ የተለየና ይህን ያልሰማ ባለሙያ፣ የጎረቤቱን ልጅ ውጤት አይቶ በቅን ልብ «አይዟችሁ፣ ወባ አይደለም» ሊል ይችላል። ወላጆቹም ያምኑታል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት እንዲያምኑት ይነግራቸዋልና።

የእናቶች ሕክምናም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ኤክላምፕሲያ ያጋጠማት እናት ማንዘፍዘፉን ለማቆም ዳያዜፓም መስጠት በብዙ አገሮች ሐኪሞችና አዋላጆች የሠለጠኑበት ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 «ላንሴት» ላይ የታተመው በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ከዳያዜፓም ጋር ሲነጻጸር የማንዘፍዘፉን መደጋገም በ52 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ምርጫው ግልጽ ሆኗል፤ ነገር ግን ምርጫው ግልጽ የሆነው ለሰማው ባለሙያ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ለዘመናት ትክክል መሆኑ ያልተጠረጠረ ነገር ሲገለበጥ ነው። በድንጋጤ (ሾክ) ምልክት ለተያዘ ትኩሳት ላለበት ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ለብዙ ባለሙያዎች የድንገተኛ ሕክምና መሠረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3 ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ የተካሄደው ጥናት ውጤት ግን በተቃራኒው ሆነ። ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ሲሞቱ፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ልምድ ብቻውን ሊያስገኘው አይችልም። አንድ ባለሙያ በአርባ ዓመት ልምዱ ያዳናቸውን ሕፃናት ያስታውሳል፤ የሞቱትንም ሕመሙ ገደላቸው ብሎ ያስባል። መድኃኒቱን ራሱን የሚጠረጥረው ሌላ ቦታ የተቆጠረ ቁጥር ሲደርሰው ብቻ ነው። ልምድ ለመማር መነሻ ይሆናል እንጂ የትምህርት ምትክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የትምህርቱ ጉድለት

ይህ ሁሉ ሲባል ዛሬ በየቦታው የሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሁሉ የተባለለትን ያደርጋል ማለት አይደለም። ተቺዎቹ የሚያነሡት ጥርጣሬ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ግምገማ፣ ተናጋሪው ሲናገር ሌላው የሚያዳምጥበት ዓይነት ሥልጠና የሐኪምን አሠራር ሲለውጥ አልተገኘም፤ ተሳታፊዎች የሚወያዩበትና የሚለማመዱበት ግን ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኮክሬን ግምገማም የትምህርት ስብሰባዎች የባለሙያውን አሠራር የሚያሻሽሉት በአማካይ ግምት በ6 በመቶ ብቻ መሆኑን አመልክቷል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግን ጡረተኞችን ከትምህርት ነጻ ማድረግ አይደለም። የተበላሸ ውሃ የሚጠገነው ምንጩን በማጽዳት እንጂ ሰውን ያለ ውሃ በመተው አይደለም። ነጥብ የሚቆጠረው በወንበር ላይ በተቀመጡበት ሰዓት ከሆነ፣ ወጣቱም አዛውንቱም ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕመምተኛው ግን ከሁለቱም አይጠቀምም። ስለዚህ የጡረተኞች ቅሬታ ለመላው ሙያ የቀረበ ተገቢ ሂስ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባዋል። የቅሬታው ድክመት ጉድለቱን በትክክል ካየ በኋላ፣ ጉድለቱ እንዲታረም በመጠየቅ ፈንታ ለራሱ ብቻ መውጫ በር መፈለጉ ነው።

የሁለት አገሮች ልምድ

አሜሪካና ብሪታንያ ይህን ጥያቄ በተለያየ መንገድ ሞክረውታል። በአሜሪካ የስፔሻሊቲ ማረጋገጫ ለረጅም ዘመን ለዕድሜ ልክ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የቤተሰብ ሕክምና ቦርድ ከመጀመሪያው በጊዜ የተወሰነ ማረጋገጫ በመስጠት ፈር ቀደደ። የውስጥ ደዌ ሕክምና ቦርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሰጠውን ማረጋገጫ በ10 ዓመት ሲወስን፣ ከዚያ በፊት ያገኙትን ግን በዕድሜ ልክ ማረጋገጫቸው እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ይህ አወሳሰን ለሰላም ሲባል የተደረገ ቢሆንም በውስጡ ትልቅ ተቃርኖ አለው። የማረጋገጫው ዓላማ ዕውቀት መታደሱን ማሳየት ከሆነ፣ ከትምህርት ቤት ከወጡ ረጅም ዘመን ያለፋቸውን ከዕድሳት ነጻ አድርጎ፣ ትናንት የተመረቁትን እንዲፈተኑ ማስገደድ በተቃራኒው የተሰፋ ልብስ ነው። ወጣቶቹ ሐኪሞች በሥርዓቱ ላይ ካነሡት ቅሬታ አንዱም ይኸው ነበር። ቅሬታው እየበረታ መጥቶ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በይፋ ይቅርታ እስከ መጠየቅና የፕሮግራሙን አንዳንድ ክፍሎች እስከ ማቆም ደርሷል። የአሜሪካው ልምድ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ የዕድሜ ልክ ዋስትና ፍትሕን ያጎድላል፤ በሥራ ላይ ያለውን ሐኪም ችግር የማያውቅ የዕድሳት ሥርዓት ደግሞ ተቀባይነትን ያጣል።

ብሪታንያ ግን የነገሩን ሥር አግኝታለች ማለት ይቻላል። የአገሪቱ አጠቃላይ የሕክምና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 16 ቀን 2009 ጀምሮ በመዝገብ ላይ መስፈርንና የሥራ ፈቃድን ለያየ። ጡረታ የወጣ ሐኪም ያለ ሥራ ፈቃድ ስሙ በመዝገብ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሐኪም መባሉም አይቀርም። ነገር ግን መድኃኒት ማዘዝም ሆነ የሞት የምስክር ወረቀት መፈረም አይችልም። ለራሱና ለቤተሰቡም ቢሆን መድኃኒት ማዘዝ አይፈቀድለትም። የሥራ ፈቃዱን ይዞ መቀጠል የፈለገ ግን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ በየዓመቱ እየተገመገመ በመደበኛው አሠራር በየአምስት ዓመቱ ብቃቱን ያረጋግጣል። ዕድሜ መለኪያ አልተደረገም። የሚያክም ይገመገማል፤ የማያክም በክብር ስሙ ይቆያል።

ይህ መለያየት በሩን ለዘለዓለም የሚዘጋ አለመሆኑም በችግር ጊዜ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲበረታ ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት ከሥራ ለተለዩ ከ10 ሺህ በላይ ሐኪሞች ጊዜያዊ ምዝገባ ሰጥቷል። በመጀመሪያው ዙር የተጠሩት ከሥራ ከተለዩ ከሦስት ዓመት ያልበለጡት መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። አስቸኳይ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ከሙያው የተለዩበት ዘመን ርዝመት አብሮ ታስቧል።

ለኢትዮጵያ የሚበጀው

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን፣ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻም ከዕድሳቱ ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ነገር ግን አሠራሩ ፈቃድን በሚመለከት የሚናገረውን ያህል ክብርን በሚመለከት ካልተናገረ፣ ጡረተኛው ባለሙያ ፈቃዱን አለማደሱን እንደ መዋረድ ይቆጥረዋል። ፈቃዱ ሲያልፍበት ሐኪምነቱ የሚያልፍበት ከመሰለው፣ በሚችለው መንገድ ሁሉ ይዞ ለመቆየት ይሞክራል። ስለዚህ ከዚህ የሚከተሉት ሦስት መንገዶች ተለይተው ሊዘጋጁ ይገባል።

አንደኛው የክብር መዝገብ ነው። ጡረታ የወጣ ማንኛውም የጤና ባለሙያ፣ ሐኪምም ይሁን ነርስ፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት፣ ጤና መኰንን ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ያለ ክፍያና ያለ ነጥብ ስሙና ማዕረጉ በሙያ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ሊኖር ይገባዋል። ይህ መዝገብ ሕመምተኛን ለማከም አይፈቅድም፤ ነገር ግን የሠራውን ሥራ ያከብራል። ክብር የሚሰጠው ላለፈ ሥራ ስለሆነ ዕድሳት አይጠየቅበትም።

ሁለተኛው የአስተማሪነት መንገድ ነው። አዛውንት ባለሙያዎች የያዙት ዕውቀት ሁሉ ያረጀ አይደለም፤ እንዲያውም ከመጻሕፍት እየጠፋ ያለ ዕውቀት በእጃቸው አለ። ለዚህ አንድ ማስረጃ መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በመጡ ስደተኞች ላይ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት በኔዘርላንድ፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ሲገኝ፣ ለአብዛኞቹ የአውሮፓ ሐኪሞች በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ በሽታ ነበር። በኢትዮጵያ ግን የቀድሞዎቹ ሐኪሞችና ነርሶች በሽታውን በዓይናቸው ለይተውታል፤ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ የሚከተለውን ብርቱ ብርክና የደም ግፊት መውረድ እንዴት እንደሚጠብቁት ተለማምደዋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት፣ እንዲሁም ያለ ምርመራ መሣሪያ በእጅና በጆሮ ሕመምን የመለየት ጥበብ፣ ለተማሪዎችና ለጀማሪ ባለሙያዎች ሊተላለፍ ይገባል። በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አዛውንቱ ሲያስተምሩ የሕክምናውን ውሳኔ የሚሰጠውና የሚፈርመው የታደሰ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከሆነ፣ ጥበቡም ደኅንነቱም አብረው ይገኛሉ።

ሦስተኛው የሥራ ፈቃዳቸውን ይዘው ለመቀጠል የሚፈልጉ ጡረተኞች መንገድ ነው። እነዚህ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ሊማሩ ይገባል፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከሚሠሩት ሥራ ጋር ሊመጣጠን ይገባዋል። በሳምንት ሁለት ቀን የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኞችን የሚያዩ ጡረተኛ ሐኪም የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ላይ ተገኝተው ነጥብ ቢሞሉ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው በዚያው መስክ የተለወጡትን መመሪያዎች በአጭሩ ማንበብ፣ በጥያቄና መልስ መፈተን፣ ከአንድ ወጣት ባልደረባ ጋር በጥቂት ካርዶች ላይ መወያየት ነው። በዚህ ውይይት ወጣቱም ከአዛውንቱ ይማራል። ክፍያውም የጡረታ አበልን ያገናዘበ ሊሆን ይገባል። ድኻውን የሚያስቀር ትምህርት ዕውቀትን ሳይሆን አቅምን ይለካልና።

ከእነዚህ ጋር አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ጎረቤት ደጃፍ ሲያንኳኳ ምን ይደረጋል? ማንም ሕግ ያንን በር ሊዘጋው አይችልም፤ መዝጋቱም አይበጅም። ፈቃዳቸውን ያላሳደሱ ባለሙያ በዚያች ሰዓት ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ መልካም ነገር አለ። የታመመውን ልጅ አይተው አደገኛ ምልክት መኖሩን መለየት፣ ወላጆቹን ማረጋጋት፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ማድረግ፣ ካስፈለገም ተረኛውን ባለሙያ በስልክ አግኝቶ ማስረዳት ይችላሉ። ማድረግ የሌለባቸው አንድ ነገር ነው፤ ካረጀ ዕውቀት ላይ ተነሥቶ መድኃኒት ማዘዝ። «ይህን ዛሬ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ወደ እነርሱ ሂዱ» ብሎ መናገር ለአንድ አዛውንት ሐኪም ሽንፈት ሳይሆን የመጨረሻው ትልቅ የሙያ ውሳኔ ነው።

ማጠቃለያ

ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ያለ ተከታታይ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን ይያዙ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የምስክር ወረቀቱ በሚናገረው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ወረቀቱ «እኚህ ሰው በዚህ ሙያ በክብር አገልግለዋል» የሚል ከሆነ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይያዙት፤ ማንም ሊነጥቃቸው አይገባም። ወረቀቱ «እኚህ ሰው ዛሬ ሊያክሙህ ይችላሉ» የሚል ከሆነ ግን፣ ጡረተኛም ይሁን ተቀጣሪ፣ ሳይማር ሊይዘው የሚገባ ማንም የለም።

የጤናው ዘርፍ ተቆጣጣሪ አካላትና የሙያ ማኅበራት ሁለቱን ቃሎች በሁለት ወረቀት ላይ ለይተው የመጻፍ ኃላፊነት አለባቸው። ሥልጠና ሰጪዎች ወንበር ከመቁጠር ወደ ብቃት መለካት ሊሸጋገሩ ይገባል። በሥራ ላይ ያሉት ባለሙያዎችም ይህን ጉዳይ የአዛውንቶች ጉዳይ ብቻ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም፤ ዛሬ በእጃቸው ያለው «አዲስ» መመሪያ እነርሱም ጡረታ ሳይወጡ ሊያረጅ ይችላል። ማታ በር የሚያንኳኳ ወላጅ የሕክምናን ታሪክ አያውቅም፤ መመሪያ መለወጡንም አልሰማም። የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት እውነቱን እንዲነግረው ማድረግ የሙያው ዕዳ ነው።